ለቻይና ገበያ የተሠራ የኢናሜል የኪስ ሰዓት ወርሳችኋል? ከመሸጣችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ

የምሠራው የድሮ ሰዓት በሚጠገንበት ቤት ነው፤ አሜሪካ። በዚህ የተነሳ አንድ ዓይነት መልእክት ደጋግሞ ይደርሰኛል። መጀመሪያ ፎቶ ይመጣል። ጀርባው ላይ አበባ ወይም ወፍ የተሳለበት፣ ዙሪያውን በደቃቅ ዕንቁ የተከበበ የኪስ ሰዓት ነው። ከዚያ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ስንት ያወጣል?» የሚል ይከተላል። ጠያቂው አንዳንዴ ከትዳር ጓደኛው ቤተሰብ የወረሰ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ግን አረጋውያንን ስትንከባከብ የኖረች እህት ናት፤ ያስታመመቻቸው ሰው በኑዛዜ የተዉላት።

ዋጋውን በአንድ ፎቶ መናገር አልችልም። ዋጋው በእጃችሁ ላይ እንዳይወድቅ ማድረግ ግን ይቻላል። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩ።

በመጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ እወቁ። እነዚህ ሰዓቶች በአብዛኛው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስዊዘርላንድ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ማሽናቸው ፍሎሪየ ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ ምርጥ ሥዕላቸው ደግሞ ከጄኔቭ ሠዓሊዎች እጅ ይወጣ ነበር። ገዢዎቹ ቻይና ያሉ ባለጸጎች ነበሩ። ኢናሜል ማለት ተፈጭቶ ብረት ላይ የተነሰነሰ፣ ከዚያ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሚግል እቶን ቀልጦ የተጣበቀ ባለቀለም ብርጭቆ ነው። እቤት የነበረችውን ሰማያዊ ከንፈር ያላት ነጭ የቆርቆሮ ኩባያ አስታውሱ። ስትወድቅ ነጩ ይፈነጠርና ከሥሩ ጥቁሩ ብረት ይታያል። ያንን መልሶ ያበጀ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የዚህ ሰዓት ጀርባም የዚያች ኩባያ የአክስት ልጅ ነው፤ ልዩነቱ በጸጉር ብሩሽ ተስሎ ደጋግሞ እሳት መግባቱ ነው። ዋጋው በአብዛኛው ያለው እዚያ ሥዕል ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ንጹሕና ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ፎጣ
- 10 ጊዜ የሚያጎላ የሰዓት ሠሪ መነጽር (ርካሽ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል)
- ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ
- በሚሊሜትር የሚለካ ማስመሪያ
- ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ፣ ሐሰተኛ ብር ለመለየት የሚያገለግለው ዓይነት
- ነጭ ወረቀት፣ ደብተር፣ እስክሪብቶ
- ጠንካራ ትንሽ ሣጥንና ስፖንጅ

የጥጥ ጓንት ሆን ብዬ አልጻፍኩም። ያንሸራትታል፤ ክሩም ዕንቁ ላይ ይጠመጠማል። ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል። ቅባት የተቀባ እጅ ግን አይሆንም።

1. አታጽዱት፣ አትሙሉት፣ በግድ አትክፈቱት

ከባዱ ደረጃ ይህ ነው፤ ምንም አለማድረግ።

ዕንቁዎቹ ለሁለት የተከፈሉ ናቸው፤ ግማሻቸው ብቻ ነው የተቀመጠው። ውሃና አልኮል ገብቶ የያዛቸውን ነገር ሊያላላ ይችላል። ኮምጣጤና ሎሚ ደግሞ ዕንቁን ራሱን ይበላሉ። የጥርስ ሳሙና ብርጭቆውንም የወርቅ ቅቡንም ይቧጭራል። በድምፅ ሞገድ የሚያጥበው የጌጣጌጥ ቤት ማሽን ከሁሉም የከፋ ነው። ኢናሜሉ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለ፣ ንዝረቱ ስንጥቁን ከፍቶ ቁራጩን ያወርደዋል። አንዲት እህት ሰዓቷን «ትንሽ እንዲያበራ» ብላ አንድ የጌጥ ሱቅ ሰጥታ ነበር። ወደ እኔ ያመጣችው ሰዓቱን በአንድ እጅ፣ የተቀነጠሰውን ጽጌረዳ በሶፍት ጠቅልላ በሌላው ነው። ምን እላታለሁ?

ለምን አይሞላም? ውስጡ ያለው ዘይት ደርቆ እንደ ሙጫ ሆኗል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ዱፕሌክስ የሚባል የማሽን ዓይነት ያላቸው ናቸው። ዱፕሌክስ ንዝረትና ድርቀት አይወድም፤ ስስ ዘንጉ ከተሰበረ የሚተካ ክፍል ከገበያ አይገኝም፣ በእጅ ይሠራል እንጂ። የሚሞላውም በቁልፍ ነው። ልኩ ያልሆነ ቁልፍ የዘንጉን አራት ማዕዘን ጫፍ ያዶለዱመዋል። ገዢ የቆመ ሰዓት ይገዛል፤ የተሰበረ ሲገዛ ግን ይቀንሳል።

ክዳኑ በጥፍር ካልተከፈተ ተዉት። ቢላዋ አደራ! ቢላዋ የሚያንሸራትተው ሁልጊዜ ወደ ሥዕሉ ነው።

2. የመሸጥ መብታችሁን በወረቀት ያዙ

የጨረታ ቤቶች «ይህ ንብረት የኔ ነው፣ የማንም ጥያቄ የለበትም» የሚል ውል ያስፈርሟችኋል። ከሽያጭ በኋላ የሟች ልጅ ወይም እኅት ተነስቶ ቢከራከር ገንዘቡ ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ የኑዛዜውን ቅጂ፣ የንብረት አጣሪውን ደብዳቤ፣ ወራሾች ብዙ ከሆናችሁ የሁላችሁንም ፊርማ ቀድማችሁ ሰብስቡ። በቃል ስምምነት ከወንድምና እኅት ጋር መጣላት ቀላል ነው።

አረጋዊ ስትንከባከቡ ያገኛችሁት ከሆነ ይህን ደረጃ በደንብ አንብቡ። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ፣ በሰው እንክብካቤ የሚኖር ሰው ለተንከባካቢው የሰጠውን ስጦታ ወይም ኑዛዜ ሕጉ በጥርጣሬ ያየዋል። በተጽዕኖ የተገኘ ነው ብሎ ይነሳና እንዳልሆነ የማስረዳቱን ሸክም እናንተ ላይ ይጥላል። «ሰውዬው በእጃቸው ሰጡኝ» ማለት ብቻ አይበቃም። ጽሑፍ ከሌላችሁ ጨረታ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የውርስ ጠበቃ አማክሩ።

3. ጓዙን በሙሉ ፈልጉ

ሰዓቱ የተገኘበትን መሳቢያ እንደገና ገልብጡት። ቁልፍ፣ የቆዳ ወይም የእንጨት ሣጥን፣ የድሮ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ፣ ሰዓቱን የያዘ ሰው ፎቶ፣ ባለቤቱ ሻንግሃይ ወይም ሆንግ ኮንግ ኖሮ ከሆነ የዚያ ማስረጃ። አንድም ነገር አትጣሉ። ሰዓቱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት የገዢውን ጥርጣሬ ያነሳል።

ከሁሉ በላይ ሁለተኛ ሰዓት ፈልጉ። ለቻይና ገበያ የተሠሩ ምርጥ ሰዓቶች ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆነው ነበር የሚሸጡት፤ የአንዱ ሥዕል የሌላው የመስታወት ምስል ነው። በአንዱ ላይ ወፏ ወደ ቀኝ ካየች በሌላው ላይ ወደ ግራ ታያለች። ሁለቱ አብረው ሲገኙ ዋጋው የአንዱ እጥፍ ሆኖ አይቆምም፣ ያልፋል። ሰዓት ባይሆንም አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. ክሪስቲስ ሆንግ ኮንግ ላይ፣ ከአፈሙዛቸው ዘማሪ ወፍ የሚወጣ ጥንድ የኢናሜልና የወርቅ ሽጉጥ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። ጥንድ መሆናቸው ትልቁ ወሬ ነበር። ስለዚህ «አንዱን እኔ፣ አንዱን እኅቴ» ብላችሁ ከመከፋፈላችሁ በፊት አብራችሁ ሽጡና ብሩን ተካፈሉ።

4. ፎቶ አንሱ

ነጭ ወረቀት ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ፍላሽ አጥፉ፤ ብርጭቆ ስለሆነ ፍላሹ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ስንጥቁን ይደብቀዋል፣ ዋጋ የሚገምተው ባለሙያም እናንተ የደበቃችሁት ይመስለዋል።

ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ጎኑን በዙሪያው፣ አንገቱንና ቀለበቱን፣ ክዳኑ በቀላሉ ከተከፈተ የውስጥ ማኅተሞቹንና ማሽኑን አንሱ። በብዙዎቹ ላይ የማሽኑ መሸፈኛ መስታወት ነው፤ ሳይነካ ይታያል። ጀርባውን ደግሞ ስልኩን እያዘነበላችሁ አጭር ቪዲዮ ቅረጹ። ብርሃን በላዩ ሲንሸራተት እድሳትና ስንጥቅ ያኔ ነው የሚጋለጠው። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ አንድ ፎቶ ጨምሩ። የሰዓቱ ስፋት ዋጋ ላይ ይገባል።

5. የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለዩ

እዚህ ላይ ብዙ ተስፋ ይፈርሳል። የቻይና ገበያ ሰዓት ሁሉ ባለሥዕል አይደለም።

ለቻይና የተሠራ መሆኑን የሚጠቁሙ ምልክቶች አሉ። ሰከንድ ቆጣሪው መሃል ላይ ተተክሎ በሰከንድ አንዴ እየዘለለ የሚሄድ ነው። ማሽኑ ቅጠልና አበባ እየተመሰለ ከዳር እስከ ዳር የተቀረጸ ነው፤ በክዳኑ መስታወት እንዲታይ ታስቦ ነው የተሠራው። የሠሪው ስም በቻይንኛ ፊደል ሊኖርበት ይችላል። ስሞቹ ቦቬ፣ ዡቬ፣ ዲሚየ፣ ቮሼ፣ ኢልበሪ የመሳሰሉ ናቸው። የቦቬ (Bovet) ስም አንዳንዴ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተገልብጦ «ቴቮብ» (Tevob) ተብሎ ይገኛል። ሐሰተኛ ነው ብላችሁ አትደንግጡ፤ ራሳቸው እንደዚያ ይጽፉት ነበር። ቁጥሮቹ የቱርክ ከሆኑ ግን ሰዓቱ ለኦቶማን ገበያ የተሠራ ነው፤ ገዢውም ሌላ ነው።

ከዚያ በሁለት ክፈሏቸው። ሜዳ የሆነ የብር ሰዓት፣ ነጭ ፊት፣ የተቀረጸ ማሽን፣ ሥዕል የሌለው ከሆነ በብዛት የተሠራ ነው፤ ዋጋው ብዙ ጊዜ በመቶዎች ወይም በጥቂት ሺህ ዶላር ነው። ጥሩ ሥዕል፣ ሙሉ ዕንቁና ንጹሕ ኢናሜል ያለው ደግሞ በአሥር ሺህዎች ሊቆጠር ይችላል። ከዚያም በላይ የሚሄዱ አሉ፤ ሙዚቃ ያላቸውና የሚንቀሳቀስ ምስል የያዙ።

ሥዕሉን በማጉያ መነጽር እዩት። በእጅ የተሳለ ኢናሜል ላይ የሰው ፊት ከደቃቅ ነጠብጣብ የተሠራ ነው፤ ነጠብጣቡ ግን ይበዛል፣ ይቀንሳል፣ ቅርጽ ይከተላል። እንደ ጋዜጣ ፎቶ በሰልፍ የተደረደረ እኩል ነጠብጣብ ካያችሁ የታተመ ነው። አዲስ ማስመሰያ ማለት ነው።

ወርቅ ነው ወይ? ብዙዎቹ ወርቅ የተቀባ ብር ናቸው። ማኅተሙን ፎቶ አንስታችሁ ተዉት። ወርቅ ገዢ ዘንድ ወስዳችሁ በአሲድ አታስመርምሩ፤ አሲድ ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ወርቅ ገዢው «በግራም መዝኜ እገዛዋለሁ» ቢላችሁ ደግሞ አመስግናችሁ ውጡ። እሱ የሚያቀልጠው ክዳኑን ነው፤ ዋጋ ያለውን ሥዕል ቅርጫት ውስጥ ይከተዋል።

6. ጉዳቱን ራሳችሁ መዝግቡ

በማጉያው ከላይ ወደ ታች ተከታተሉና ጻፉ። እንደ ጸጉር የቀጠነ ስንጥቅ የት የት አለ? ጫፍ ላይ የተፈነጠረ አለ? የጎደለ ዕንቁ ስንት ነው? ከሌሎቹ ይልቅ የነጣ፣ ወይም አለቅጥ ክብ የሆነ ዕንቁ ተተክቶ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ መብራቱን አጥፉና የአልትራቫዮሌት ባትሪውን አብሩ። ብርሃኑን ዓይናችሁ ላይ አታድርጉ። በኋላ ዘመን በቀለምና በሬዚን (በሙጫ መሰል ነገር) የተሞላ ቦታ ብዙውን ጊዜ ከአካባቢው በተለየ ያበራል። በመርፌ ግን አትውጉት።

ይህን ለምን ታደርጋላችሁ? ገማቹ ያገኘዋል። ቀድማችሁ ከነገራችሁት በሌላውም ያምናችኋል። ደብቃችሁ ካገኘው ግን ስለ ሰዓቱ የነገራችሁት ሁሉ ይጠረጠራል።

«ታዲያ አስጠግኜ ብሸጠውስ?» ይሉኛል። አይሆንም። ኢናሜልን መልሶ እሳት ውስጥ መክተት ያለውንም ሥዕል ሊያሳጣ ስለሚችል፣ አብዛኛው ጥገና ያለ እሳት በቀለም የሚደረግ ሽፋን ነው። የሚገዛችሁ ሰብሳቢ ያንን ሽፋን አይወድም። ጥገና ካስፈለገው ራሱ የሚያምነው ጠጋኝ አለው። እናንተ የምታወጡት ገንዘብ ተመልሶ አይመጣም።

7. ዋጋውን ከሽያጭ ውጤት ፈልጉ

ኢንተርኔት ላይ «በ40,000 ዶላር ይሸጣል» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። እሱ የሻጩ ምኞት ነው። የምትፈልጉት የተሸጠበትን ነው። ክሪስቲስ፣ ሶዝቢስ፣ ቦናምስ፣ ፊሊፕስና የጄኔቩ አንቲኮረም ያለፉ ጨረታዎቻቸውን ውጤት ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ከሰዓታችሁ ጋር ሠሪው፣ ስፋቱ፣ የሥዕሉ ዓይነትና ጉዳቱ የሚቀራረብ ፈልጉ። አበባ የተሳለበትን ከሰው ምስል ጋር አታወዳድሩ።

አንድ ወጥመድ አለ። የሚታየው ዋጋ ገዢው ለጨረታ ቤቱ የሚከፍለውን ተጨማሪ ይይዛል። ለምሳሌ ጨረታው በመዶሻ ምት 20,000 ላይ ተዘጋ እንበል። ገዢው 25 በመቶ ቢጨምር ድረ ገጹ 25,000 ብሎ ይጽፋል። እናንተ ለጨረታ ቤቱ የምትከፍሉት ኮሚሽን 10 በመቶ ቢሆን እጃችሁ የሚገባው 18,000 ነው፤ ከእሱም የፎቶና የኢንሹራንስ ሊቀነስ ይችላል። 25,000 አይታችሁ 25,000 ከጠበቃችሁ በኋላ የምትጣሉት ከኔ ጋር ነው።

ሌላው ስህተት የኢንሹራንስ ግምትን እንደ ሽያጭ ዋጋ መያዝ ነው። ኢንሹራንስ የሚገምተው ሰዓቱ ቢጠፋ ከሱቅ ለመተካት የሚያስፈልገውን ነው፤ ያ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። እንዲሁም የሚገምትላችሁ ሰው ራሱ «እኔ ልግዛው» ካለ ግምቱን እንደ ግምት አትቁጠሩት።

ትልልቆቹ ጨረታ ቤቶች በፎቶ ነጻ ግምት ይሰጣሉ። ቢያንስ ለሦስት ላኩ፤ ለሁሉም ተመሳሳይ ፎቶና ተመሳሳይ የጉዳት ዝርዝር። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከፍ ካለ ደስ አይበላችሁ፤ ዕቃውን ለመሳብ ብቻ ይሆናል። ግምቱን እንዴት እንዳገኘው፣ በየትኞቹ የቀድሞ ሽያጮች እንደተመራ ጠይቁት።

8. የት እንደምትሸጡ ምረጡ

ጥሩ ባለሥዕል ከሆነ ገዢው ያለው ሆንግ ኮንግና ጄኔቭ ነው፤ ወደዚያ የሚልክ ጨረታ ቤት ይሻላል። ወራት ይፈጃል፣ ግን ሁለት ቻይናውያን ሰብሳቢዎች ሲፎካከሩ የሚሆነውን የሰፈር ሱቅ ሊሰጣችሁ አይችልም። ሜዳ የብር ሰዓት ከሆነ ማጓጓዣውና ወጪው ትርፉን ይበላዋል። በአካባቢ ጨረታ ወይም ለሰዓት ነጋዴ እጅ በእጅ ሽጡትና ተገላገሉ። ነጋዴ ሲገዛ የራሱን ትርፍ አስልቶ ነው፤ ያነሰ ይከፍላል፣ ወዲያው ግን ይከፍላል።

ኢንተርኔት ላይ ለማታውቁት ሰው መሸጥ የለመዳችሁት ካልሆነ አትጀምሩት። «ከዋጋው በላይ ቼክ ልኬላችኋለሁ፣ ትርፉን መልሱልኝ» የሚል ሰው ከመጣ ቼኩ ሐሰተኛ ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም።

9. ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት

እነዚህን ፈልጉ፦ ኮሚሽኑ ስንት ነው? ፎቶና ኢንሹራንስ ማን ይከፍላል? ባይሸጥ መመለሻውን ማን ይሸፍናል? ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ብታወጡት ቅጣቱ ምንድን ነው? ክፍያው ከሽያጩ በኋላ በስንት ቀን፣ በየትኛው ገንዘብ ይገባል? ሆንግ ኮንግ ከተሸጠ ብዙ ጊዜ በሆንግ ኮንግ ዶላር ነው፤ የምንዛሪው ልዩነት የእናንተ ነው።

«ከዚህ በታች አይሸጥ» የሚባለው የምስጢር ዋጋ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከዝቅተኛው ግምት መብለጥ አይችልም። እዚህ ላይ ስግብግብነት ይጎዳል። ዋጋው ተሰቅሎ ሰዓቱ ሳይሸጥ ከቀረ ውጤቱን ሰብሳቢ ሁሉ ያየዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ «ያ ያልተሸጠው» ይባላል። ስለዚህ ቢሸጥበት የማታዝኑበትን ዝቅተኛ ዋጋ ቁረጡና እዚያ ላይ ቁሙ።

10. ማሸግና መላክ

ከተቻለ አትላኩት። ጨረታ ቤቶች በአንዳንድ ከተሞች የግምት ቀን ያዘጋጃሉ፤ በእጃችሁ አስረክቡና ደረሰኝ ተቀበሉ።

መላክ ግድ ከሆነ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ስፖንጅ መሃል አድርጉ፣ ሣጥኑን ሌላ ትልቅ ሣጥን ውስጥ ክተቱ። ስታነቃንቁት ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። ቁልፉን ለብቻው ጠቅልሉት፤ አብሮ ከገባ እንደ መዶሻ ነው የሚመታው። ቴፕ ሰዓቱ ላይ አይነካ፤ ሲነሳ ዕንቁ ይዞ ይነሳል።

የተለመዱ ፈጣን መልእክት ድርጅቶች ለጌጥና ለጥንታዊ ዕቃ የሚሰጡት ዋስትና ውስን ነው፤ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። አሜሪካ ውስጥ ለውስጥ ፖስታ ቤት ሬጂስተርድ በሚባለው አገልግሎት እስከ 50,000 ዶላር ዋስትና ይሰጣል። ዝግ ይላል፣ ግን በየእጁ ይፈረማል። ድንበር ሲሻገር ደግሞ ጉምሩክ ወረቀት ላይ «ስጦታ» ብላችሁ አትጻፉ፤ ዕቃው ሊያዝ፣ ዋስትናውም ሊሰረዝ ይችላል። ሣጥኑ ወይም ሽፋኑ የዝሆን ጥርስ ወይም የባሕር ኤሊ ቅርፊት ካለበት ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም። ይህን ለጨረታ ቤቱ ቀድማችሁ ንገሩ።

11. ግብር

አሜሪካ ለምትኖሩ፦ የወረሳችሁት ዕቃ ለግብር የሚሰላው ሰውየው በሞቱበት ቀን ከነበረው የገበያ ዋጋ ተነስቶ ነው። በዚያ ቀን 15,000 ያወጣ የነበረ ሰዓት 18,000 ቢሸጥ፣ ትርፍ ተብሎ የሚታየው 3,000 ነው፤ ወጪዎችም ይቀነሱለታል። የጥንታዊ ዕቃ ትርፍ የፌዴራል ግብር ጣሪያው 28 በመቶ ነው። ስለዚህ በሞቱበት ቀን የነበረውን ዋጋ የሚያሳይ የጽሑፍ ግምት ገና ሳትሸጡ አሠሩ። ያ ወረቀት ከሌለ የመነሻውን ዋጋ ማስረዳት ከባድ ይሆናል። ሌላ አገር ያላችሁ ሕጉ ይለያያልና የአገራችሁን የሂሳብ ባለሙያ ጠይቁ። የጨረታ ቤቱን የክፍያ ዝርዝርና የላካችሁበትን ደረሰኝ ከኑዛዜው ቅጂ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አኑሩት።